ሳይለካ የሚቀየረው ሴንሰር

ትዕይንቱ በአዲስ አበባ ጋራዦች የዕለት ተዕለት ነው። አንዲት ቶዮታ ኮሮላ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ዳሽቦርዷ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ብርቱካናማ መብራት በርቷል። ሞተሯ ይነሳል፣ ትሄዳለች፣ ጉልበቷም ያን ያህል አልቀነሰም፤ ባለቤቱ ግን «ሰሞኑን ቤንዚን ትጠጣለች» እያለ ይማረራል። መካኒኩ ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ ስካነሩን ይሰካል፣ ቁልፉን ያዞራል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ ይላል፦ ፒ0135፣ የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ ሰርኪዩት፣ ባንክ 1፣ ሴንሰር 1። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። መካኒኩ «ኦክስጅን ሴንሰሯ ሄዷል» ይላል፤ ባለቤቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይደውላል፤ አዲስ ወይም ያገለገለ ሴንሰር ይገዛል፤ አሮጌው ተፈትቶ ይጣላል፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ከቀናት በኋላ መብራቱ ተመልሶ ሲበራ «የተገዛው ኦሪጅናል አይደለም» ይባልና ሌላ ይገዛል። በዚህ ሁሉ መሀል ማንም ሰው ምንም ነገር አልለካም።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ነገር ነው። በስካነር የሚነበብ የሴንሰር ሰርኪዩት ኮድ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ጫፍ ላይ ያየውን የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይናገራል፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ግን አይናገርም፣ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ በኮዱ ብቻ ሴንሰር መቀየር በባለመኪናው ገንዘብ የሚደረግ ግምት ነው እንጂ ጥገና ሊባል አይገባውም። ነገሩ የአንዲት ትንሽ ዕቃ ጉዳይ ይመስላል፤ ዘመኑ ግን ትልቅ አድርጎታል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር ከዶላር አንጻር ያለው ዋጋ ክፉኛ ወረደ። የመጀመሪያው ውሳኔ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን መለዋወጫ ሁሉ አስወድዷል። አሮጌ መኪና በበዛበትና መለዋወጫ በተወደደበት አገር፣ ጤነኛ ዕቃ አውጥቶ መጣል ማንም ሊሸከመው የማይገባ ኪሳራ ነው።

ሴንሰሩ የሚያየው

ኮዱን ለመመርመር መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል። የኦክስጅን ሴንሰር ለገበያ በሚቀርብ መኪና ላይ መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የጀርመኑ ቦሽ ሠራው፣ የስዊድኑ ቮልቮ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ ባቀረባቸው መኪኖቹ ላይ ገጠመው። ምክንያቱ ካሊፎርኒያ ያወጣችው ጥብቅ የአየር ብክለት ሕግ ነበር። በጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠመው ካታሊስት ሦስቱን መርዘኛ ጋዞች፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሳይቃጠል የቀረውን ቤንዚንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን፣ በአንድ ጊዜ ሊያጸዳ የሚችለው አየርና ቤንዚኑ በተወሰነ ልክ ሲቀላቀሉ ብቻ ነው። ልኩም ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ነው። የዚያን ዘመን ካርቡሬተር ይህን ልክ ከሴኮንድ ሴኮንድ መጠበቅ አልቻለም። ስለዚህ ከጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ የሚነግር፣ ኮምፒውተሩም በዚያ መሠረት የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክልበት ሥርዓት አስፈለገ።

የሴንሰሩ ዋና አካል ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ሴራሚክ ነው። አንዱ ጎኑ ጭሱን፣ ሌላው ጎኑ የውጭውን አየር ይነካል። ሴራሚኩ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ የኦክስጅን አየኖችን ማሳለፍ ይጀምራል፤ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነትም ጀርመናዊው ኬሚስት ዋልተር ኔርንስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ባወጣው ቀመር መሠረት ቮልቴጅ ይፈጥራል። ቤንዚን ከበዛ በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ስለማይተርፍ ቮልቴጁ ወደ 0.9 ይወጣል፤ ቤንዚን ካነሰ ኦክስጅን ይተርፍና ቮልቴጁ ወደ 0.1 ይወርዳል። በጤነኛ ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በጥቂቱ እየጨመረና እየቀነሰ ስለሚያርም፣ ምልክቱ 0.45 ቮልትን መሀል አድርጎ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ መዋዠቅ የጤና ምልክት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የቀረ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ጥያቄ ያስነሳል።

ሴራሚኩ ካልሞቀ ምንም አይናገርም። የመጀመሪያዎቹ ሴንሰሮች በጭሱ ሙቀት እስኪግሉ ይጠበቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ቦሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ሴንሰር ካመጣ በኋላ ግን መጠበቁ አጠረ። ዛሬ በብዙ መኪኖች ላይ የሚታየው ባለ አራት ሽቦ ሴንሰር ሁለት ሽቦ ለምልክቱ፣ ሁለት ሽቦ ለማሞቂያው የያዘ ነው። ማሞቂያው ከሞተ ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ቃል ሳይሰማ፣ በውስጡ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ብቻ ቤንዚን እየመደበ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አጭር መንገድ በሚሄድና በትራፊክ መጨናነቅ በሚቆም የከተማ መኪና ላይ ይህ ጊዜ ከጉዞው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ አይደለም። ስለዚህ «ቤንዚን ትጠጣለች» የሚለው የባለቤቱ ምሬት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብልሽቱም ችላ የሚባል አይደለም። ጥያቄው ብልሽቱ የት ነው የሚለው ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

ኮዶቹ ለሁሉም አምራቾች አንድ ዓይነት የሆኑት አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ኦቢዲ 2 የተባለውን ሥርዓት ግዴታ ካደረገች በኋላ ነው። በፒ0135 ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል ጉዳዩ የሞተርና የኃይል ማስተላለፊያ ክፍል መሆኑን፣ ዜሮው ደግሞ ኮዱ የጋራ መሆኑን ያመለክታል። ባንክ 1 ቁጥር 1 ሲሊንደር ያለበት የሞተሩ ጎን ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር በተደረደሩበት እንደ ኮሮላ ባለ ሞተር ላይ በአብዛኛው አንድ ባንክ ብቻ አለ። ሴንሰር 1 ከካታሊስቱ በፊት፣ ሴንሰር 2 ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ነው። እስከዚህ ድረስ ኮዱ ግልጽና ጠቃሚ ነው፤ ከብዙ ሜትር ሽቦ መካከል የትኛውን መስመር እንደምንፈትሽ ይነግረናል።

መስመሩን እንከተለው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይነሳል፣ በፊውዝና በሪሌ ያልፋል፣ በሽቦ ወደ ሴንሰሩ ሶኬት ይደርሳል፣ በማሞቂያው ውስጥ ያልፋል፣ በሌላ ሽቦ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ያለ ትራንዚስተር ከኔጌቲቭ ጋር ሲያገናኘው ማሞቂያው ይሠራል። ኮምፒውተሩ የሚያየው በዚህ የመጨረሻ ጫፍ ላይ የሚያልፈውን ከረንት ነው። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ከረንቱ ከ2 አምፔር ግድም ሲበልጥ ወይም ከሩብ አምፔር ግድም ሲያንስ ኮዱ ይመዘገባል። ከረንቱ ለምን እንዳነሰ ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ሪሌ ደክሞ፣ ሽቦ ተበጥሶ፣ የሶኬት እግር ዝጎ ወይም ማሞቂያው ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ አምስቱም ከኮምፒውተሩ ጫፍ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ይህን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ሬዚስታንሱ 13 ኦም የሆነ ጤነኛ ማሞቂያ 0.9 አምፔር ያህል ይወስዳል። ከረንቱ ከሩብ አምፔር በታች እንዲወርድ የመስመሩ ጠቅላላ ሬዚስታንስ ከ48 ኦም ማለፍ አለበት። ማሞቂያው 13 ከሆነ ቀሪው 35 ኦም ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ሞተር በውኃ ግፊት ሲታጠብ እርጥበት ገብቶበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣ አንድ የሶኬት እግር ይበቃል። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ ፍጹም ጤነኛ ነው፣ ኮዱም ፍጹም ትክክል ነው፤ «ሴንሰሯ ሄዷል» የሚለው ብያኔ ብቻ ስህተት ነው።

ኮዶች ተደርበው ሲመጡ ደግሞ ማስረጃው ይበልጥ ይጠራል። ፒ0135 ከፒ0141 ጋር፣ ማለትም የፊተኛውና የኋለኛው ሴንሰር ማሞቂያ ኮዶች በአንድ ጊዜ ከወጡ፣ ብዙ መካኒክ ሁለት ሴንሰር ያስገዛል። ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ግን ማንም አምፖል ለመግዛት አይሮጥም፤ መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤት መብራት እንዳለው ነው። ሁለቱ ማሞቂያዎች በብዙ መኪኖች ላይ ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከአንድ ፊውዝ ነው። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ቀን መሞታቸውና የሚጋሩት አንድ ፊውዝ መቃጠሉ ሲመዛዘኑ፣ ሁለተኛው እጅግ የሚያመዝን ነው። የፊውዝና የሁለት ሴንሰር ዋጋ ልዩነት ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው።

የአጭር ጊዜ ምርመራ

እንግዲህ ትክክለኛው አካሄድ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ኮዱ አይሰረዝም። ኮምፒውተሩ ጥፋቱን ሲመዘግብ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ፣ የሞተሩን ሙቀት፣ ዙሩን፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ አብሮ ያስቀምጣል፤ ኮዱ ሲሰረዝ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ጥፋቱ የተመዘገበው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ መኪናው በኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ? መልሱ ቀጣዩን ፍተሻ ይመራል፤ ኮዱን ቀድሞ የሰረዘ መካኒክ ግን ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቷል። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ አንባቢዎች ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው፤ በዚያ በሚደረገው የጭስ ምርመራ ይህ መብራት የበራበት መኪና አያልፍም፣ ከምርመራው በፊት ኮዱን ማስሰረዝም አያዋጣም፤ ስረዛው የኮምፒውተሩን የራስ ፍተሻ ውጤቶች ባዶ ስለሚያደርግ መሣሪያው መኪናው ለምርመራ ዝግጁ አለመሆኑን ይናገራል።

ቀጥሎ ዓይን ይሠራል። ሽቦው የጋለውን የጭስ ማውጫ ቱቦ ነክቶ ቀልጧል? ከሥር በድንጋይ ተመትቶ ተላልጧል? ሶኬቱ ሲከፈት እግሮቹ ያበራሉ ወይስ ዝገዋል? ከዚያ ፊውዙ ይታያል። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሶኬቱ ተነቅሎ የማሞቂያው ሬዚስታንስ በማልቲሜትር ይለካል። በብዙ የቶዮታ ባለ አራት ሽቦ ዚርኮኒያ ሴንሰሮች ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ11 እስከ 16 ኦም ይጠበቃል። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ከካታሊስቱ በፊት የሚገጠመውና በመልክ የማይለየው የአየርና ቤንዚን ምጣኔ ሴንሰር ግን ከ1.8 እስከ 3.4 ኦም ነው። ሁለቱ በሥራ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ የገጠመ ሰው፣ ዕቃው የቱንም ያህል አዲስና ኦሪጅናል ቢሆን፣ ኮዱ ተመልሶ ይመጣበታል። ማልቲሜትሩ በማሞቂያው ውስጥ ያለው መስመር መቆረጡን ካሳየ ማሞቂያው ሞቷል፣ ሴንሰሩ ይቀየራል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ በማስረጃ ይዘጋል። የምልክቱን ሁለት ሽቦዎች ግን በኦም መለኪያ መንካት አይገባም፤ ሴራሚኩን ሊጎዳ ይችላል።

ማሞቂያው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው ወደ መስመሩ ይዞራል። እዚህ ላይ ጥሩ ባለሙያን እንኳ የሚያሳስት ነገር አለ። የሶኬቱን የኤሌክትሪክ እግር በማልቲሜትር ሲለኩት 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ማልቲሜትር የሚወስደው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ያንን ታህል ማድረስ አያቅተውም። ማሞቂያው ግን ወደ 1 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ የሚታመነው ፍተሻ በጭነት የሚደረገው ነው፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ 10 ዋት ያህል የሆነች አምፖል በሶኬቱ ሁለት የማሞቂያ እግሮች መካከል ትገናኛለች። ደምቃ ከበራች ወይም ኮምፒውተሩ በሚሰጠው ምት ልክ ከተርገበገበች መስመሩ ከሁለቱም ወገን ሥራውን ይሠራል። ካልበራች ወይም ከደበዘዘች የአምፖሏን አንዱን ጫፍ ቀጥታ ከባትሪው ጋር እያገናኙ ችግሩ ከመጪው ወገን ይሁን ከኮምፒውተሩ ወገን መለየት ይቻላል። ሶኬቱ በቀላሉ በሚደረስበት መኪና ላይ ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። የሚያስፈልገው ማልቲሜትር፣ አምፖልና ጥቂት ሽቦ ነው።

ምልክቱ ሲያጠራጥር

የምልክቱ ኮዶችም በዚሁ አስተሳሰብ ይፈታሉ፤ እዚያ ላይ እንዲያውም ሴንሰሩ እውነት ተናግሮ የሚቀጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ፒ0131 ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ መቅረቱን ይናገራል። ሴንሰሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ከኔጌቲቭ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል፣ ከሴንሰሩ በፊት ባለ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ስንጥቅ የውጭ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ድብልቁ በእርግጥ ቤንዚን አንሶት ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ በአየር ማስገቢያው በኩል ሆን ተብሎ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጠዋል። ቮልቴጁ ወዲያው ወደ 0.9 ከወጣ፣ የቫኪዩም ቱቦ ሲነቀል ደግሞ ወደ 0.1 ከወረደ፣ ሴንሰሩ እያየ ነው፣ እየተናገረም ነው። ያን ጊዜ የሚፈለገው ጥፋት ሌላ ቦታ ነው፤ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር ፍሰት ሴንሰር፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ። ድብልቁ ቤንዚን እንዳነሰው የሚናገረው ፒ0171 ሲወጣ ሴንሰር መቀየር ደግሞ ይብሳል፤ አዲሱ ሴንሰር የሚናገረው አሮጌው የተናገረውን ያንኑ እውነት ነውና።

ፒ0132፣ ማለትም ቮልቴጁ ከልክ በላይ መሆኑን የሚናገረው ኮድ፣ ደግሞ ከተፈጥሮ ሕግ የተገኘ ማስረጃ ይዟል። የዚርኮኒያ ሴራሚክ ከጭስና ከአየር ልዩነት የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከ1 ቮልት ብዙም አያልፍም። በምልክቱ ሽቦ ላይ 3 ወይም 5 ቮልት ከታየ ይህን ሴራሚኩ ሊያመነጨው አይችልም፤ ከሌላ ሽቦ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜም ምንጩ በዚያው ሶኬት ውስጥ አጠገቡ ያለው ባለ 12 ቮልት የማሞቂያ መስመር ነው፤ ውኃ፣ ዝገት ወይም የቀለጠ ሽፋን ያገናኛቸዋል። ፊዚክስን የሚያውቅ መካኒክ እዚህ ላይ ገና ቁልፍ ሳያነሳ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የሚነሱት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ነው፤ «ቀይሬው ድኗል፣ ስለዚህ ችግሩ ሴንሰሩ ነበር» ይባላል። ይህ ክርክር የሚዘነጋው ነገር አለ። ሴንሰር ለመቀየር ሶኬቱ ይነቀላል፣ ይሰካል፤ በመነቀልና በመሰካት የዛጉት እግሮች ይፋቃሉ፣ ለጊዜውም በደንብ ይነካካሉ። ኮዱ ይጠፋል፣ ምስጋናው ለአዲሱ ሴንሰር ይሰጣል። ዝገቱ ሲመለስ ኮዱም ይመለሳል፤ ያኔ ጥፋተኛው «ፌክ» ዕቃ ነው ይባላል። በተጨማሪም ኮምፒውተሩ ለብዙዎቹ ኮዶች መብራቱን የሚያበራው ጥፋቱን በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ካየ በኋላ ስለሆነ፣ ከጋራዥ ሲወጡ መብራቱ አለመብራቱ ብቻውን የመዳን ማረጋገጫ አይሆንም። ሳይለካ የዳነ መኪና ምን እንደነበረበት የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው፣ «ሴንሰር ያልቃል፣ ወደ አገራችን የሚገቡት ደግሞ ያገለገሉ መኪኖች ናቸው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ትክክል ይሆናል» የሚለው ነው። ሴንሰር እንደሚያልቅ እውነት ነው። ማሞቂያ ላላቸው ሴንሰሮች በተለምዶ የሚነገረው ዕድሜ ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎሜትር ነው፤ ብዙ መኪኖቻችን ይህን አልፈዋል። የሚቃጠል ዘይት፣ የሚያፈስ የራዲያተር ውኃ፣ በጓርኒሲዮን ፈንታ የሚቀባ ሲሊኮን ሴራሚኩን ይመርዙታል። ግን ይህ ሁሉ ለመለካት የሚያበቃ ምክንያት ነው እንጂ ላለመለካት አይደለም። ሴንሰሩ በእርግጥ ካለቀ መለኪያው በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ ይናገራል፤ ባለቤቱም ገንዘቡን የሚያወጣው አውቆ ነው። በተጨማሪም ሴንሰሩን የመረዘው ነገር ሳይታወቅ አዲስ ቢገጠም አዲሱም በተራው ይመረዛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከፍታውን ይከሳል፤ «አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ሴንሰሩን ያሳስተዋል» ይባላል። የከተማዋ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ የሚያወዳድረው በሁለት ጎኖቹ ያለውን ኦክስጅን ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ በሁለቱም በኩል ይቀንሳል። በአንዱ ጎን ብቻ ቢቀንስ እንኳ በኔርንስት ቀመር ሲሰላ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ከ0.1 እስከ 0.9 በሚዋዥቅ ምልክት ላይ ይህ ከምንም አይቆጠርም። የማሞቂያ ኮድ ደግሞ ከከፍታ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። በከፍታ የሚቸገረው ካርቡሬተር ነበር፤ ይህ ሥርዓት እንዲያውም ልዩነቱን ራሱ የሚያርም ነው። «ቤንዚኑ ነው» የሚለውም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ የሴንሰር ዋና ጠላት የነበረው እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ማብቂያ ድረስ ከገበያ ወጥቷል።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፣ ፍትሐዊም ነው። መካኒኩ «ለምርመራ ማን ይከፍለኛል?» ይላል። ደንበኛው ለዕቃ መክፈል ይቀበላል፣ ለመፍታትና ለመግጠም መክፈል ይቀበላል፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ለለካና «ፊውዝ ነው» ላለ ባለሙያ ግን «ማየት ብቻ እኮ ነው ያደረግኸው!» ይለዋል። በእንዲህ ያለ ገበያ ሐቀኛው ይከስራል፣ ገማቹ ያተርፋል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ሆኖም መፍትሔው ግምቱን መቀጠል ሊሆን አይችልም። ምርመራ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ዋጋው ቀድሞ መነገር አለበት፤ ባለመኪናውም ያንን ዋጋ ሳያጉረመርም መክፈል አለበት። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከማያስፈልግ አንድ ሴንሰር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

«መኪናው ይሄዳል፤ መብራቱን ለምን አንተወውም?» የሚሉም አሉ። ሴንሰሩን ያልሰማ ኮምፒውተር ቤንዚን ሊያበዛ ይችላል፤ የበዛው ቤንዚን በካታሊስቱ ውስጥ እየነደደ ያግለዋል፣ በመጨረሻም ያቀልጠዋል። ካታሊስቱ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የያዘ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም። ያልጸዳውን ጭስ የሚተነፍሰው ደግሞ ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ የቆመው መንገደኛና በመንገድ ዳር የምትሸጠው እናት ይተነፍሱታል። ሴንሰሩ የተፈጠረው መጀመሪያም ለሳንባ ሲባል ነው። አንዳንዶች ደግሞ የሌላ መኪና ሴንሰር ገዝተው ሽቦውን ቆርጠው ይቀጥሉታል። ብዙ ሴንሰሮች ለማወዳደሪያ የሚጠቀሙበትን የውጭ አየር የሚያገኙት በራሳቸው ሽቦ ክሮች መካከል ስለሆነ፣ ሽቦውን በብየዳና በፕላስተር መድፈን ሴንሰሩን አየር ይነሳዋል። አምራቾች ብየዳን የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ አጭር ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ከስካነር በፊት ማልቲሜትር ያስተምሩ፤ የኦም ሕግን በአንድ ሶኬት ላይ መተግበር የማይችል ተማሪ ስካነር ቢይዝ የሚያነበው ፊደል ብቻ ነው። ጋራዦች የምርመራ ዋጋ ለይተው ይለጥፉ፣ በደረሰኙም ላይ የለኩትን ይጻፉ፤ የማሞቂያው ኦም፣ የሶኬቱ ቮልት፣ የፊውዙ ሁኔታ። እርስዎም ባለመኪናው፣ ኮዱ ሳይሰረዝ በፊት ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ «ሴንሰሩ ሄዷል» ሲባሉ በአክብሮት «ስንት ኦም ለካችሁ? ኤሌክትሪክ ሶኬቱ ድረስ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። ለምርመራው የሚጠየቁትን ይክፈሉ፤ የተለካ ቁጥር እስኪነገርዎት ድረስ ግን ሴንሰር አይግዙ።